ክረምቱን ቀን ሥራ ለምትጀምረው ወንድሜ

ወንድሜ፣ «የ12ኛ ክፍል ፈተና ጨርሻለሁ፤ ሰኞ ሕንፃ ላይ ቀን ሥራ ልጀምር ነው፤ እችለው ይሆን?» ብለሃል። ትችለዋለህ። እኔም ሁለት ክረምት ሠርቻለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይከብዳሉ። ማታ ጣትህ እንጀራ መቁረስ ያቅተዋል። ከዚያ ሰውነትህ መልመድ ይጀምራል። ብቻ ጉልበትህን ለማሳየት አትሽቀዳደም። አንድ ከረጢት ስሚንቶ 50 ኪሎ ነው። ከወገብህ ጎንበስ ብለህ አታንሳው። ቁጢጥ በል፣ ደረትህ ላይ አስጠጋው፣ በእግርህ ኃይል ተነሣ። ባሬላ (ለሁለት የሚያዝ የጭነት ቃሬዛ) ስትሸከም በቁመት ከሚመጥንህ ልጅ ጋር ተጣመር፤ አለበለዚያ ጭነቱ ወደ አጭሩ ያጋድላል።

ስለ ስሚንቶ ግን እለምንሃለሁ። እርጥቡ ቆዳ ያቃጥላል፣ ወዲያው ደግሞ አይሰማህም። አንድ ቀን ቡኬት (በውሃ የተቦካ ስሚንቶና አሸዋ) ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ዝም ብዬ ዋልኩ። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ቁርጭምጭሚቴ ተልጦ ነበር። ቦቲ ጫማና ጓንት ይኑርህ፤ ከነካህ ቶሎ በብዙ ውሃ ታጠብ።

ለምሳ በሶ ያዝ፣ ሆድ ይይዛል። ቅያሪ ልብስ በፌስታል ቋጥር፣ ዝናቡ አይምርም።

የክፍያውን ሒሳብ ሥራ ሳትጀምር ከካቦው (ከሠራተኞቹ አለቃ) ጋር ጨርስ። በየቀኑ ነው በሳምንት? ዝናብ ሥራ ካቋረጠስ? የሠራህበትን ቀን በየማታው ደብተር ላይ ጻፍ፤ እኔ ባለመጻፌ የሁለት ቀን ሒሳብ ቀርቶብኛል። ዕድሜህ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ሊያሠሩህ አይችሉም።

የቀረ ጥያቄ ካለህ ከሰኞ በፊት ጻፍልኝ።