ለሚሞላ ሮለርቦል የትኛው ቀለም? የፕሪንተር ቀለምስ ይሆናል?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ሁለት ነው፦ ድሬ ላይ ለገዛሽው ቀለም የሚሞላ ሮለርቦል (ጫፉ ላይ ባለች ትንሽ ኳስ የሚጽፍ፣ ቀጭን ቀለም ያለው እስክሪብቶ) የትኛው ቀለም ይሻላል፣ ደግሞም ቤት ያለው የፕሪንተር ቀለም ቢሞላበት ምን ይሆናል? ከሁለተኛው ልጀምር፦ አትሙይበት።

የፕሪንተር ቀለም ሲያዩት ቀጭን ነው፣ የሚሆን ይመስላል። ግን ወረቀት ላይ ቶሎ እንዲሰርግ ተብሎ የተቀመመ ስለሆነ ደብተር ላይ እንደ ሥር ይሰራጫል፣ በጀርባም ይወጣል። ጥቁሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፒግመንት ነው፤ ማለትም ቀለሙ አልሟሟም፣ የደቀቀ ዱቄት ሆኖ ተበትኗል። በኳሷና በመቀመጫዋ መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር ይቀጥናል። ዱቄቱ እዚያ ከደረቀ ውሃ መልሶ አያሟሟውም። ለንድፍ ሥራ የሚሸጠው ድፍን ጥቁር ቀለምና ለሉህም ለብራናም ከጥላሸት የሚዘጋጀው ቀለምም ያው ናቸው፤ ለመቃ ብዕር ግሩም፣ ለኳስ ግን ጠላት። የማህተም ቀለም በጣም ወፍራም ስለሆነ ጭራሽ አይወርድም።

ቀለም ከመግዛትሽ በፊት እስክሪብቶውን ፈትተሽ እዪ። ውስጡ ጫፉ ራሱ ላይ የተገጠመበት ረጅም ድፍን ቱቦ ከሆነ ሪፊል ነው፤ ሙሉውን ይቀየራል እንጂ አይሞላም። የሚበሳ ካርትሪጅ (ቀለም የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ወይም ቀለም የሚስብ ፒስተን ካለው ግን የብዕር (የፋውንቴን ፔን) ቀለም ይወስዳል። እንደ ባለ ካርትሪጁ ፓይለት ቪ5 ያሉት የራሳቸው ካርትሪጅ ስላላቸው የሌላው አይገጥማቸውም።

የሚሻለው የሟሟ የብዕር ቀለም ነው። ሙቀት ቀለምን ያቀጥናል፤ ኳስ ደግሞ ከብዕር ጫፍ የበለጠ ቀለም ትስባለች። ስለዚህ ለድሬ ሙቀት፣ በተለይ ኳሷ 0.7 ሚሊ ሜትር ከሆነች፣ ቁጥብ የሚባለውን፣ ማለትም በትንሽ በትንሹ የሚወርደውን መምረጥ ይበጃል፤ ፔሊካን 4001 ሮያል ሰማያዊ እንዲህ ያለ ነው። ኳሷ 0.5 ሆና እየዘለለች ከጻፈች የበለጠ ወደሚፈሰው ወደ ፓርከር ኩዊንክ እለፊ። የ4001 ብሉብላክ ግን ብረት ስላለበት ለኳስ አይመከርም፤ ብልጭልጭ ያለበትም እንዲሁ። ታይዋን ገበያም ሆነ ከዚራ ሰፈር ስትገዢ ጠርሙሱን ገልብጠሽ በብርሃን እዪው፤ ሥሩ ላይ ዝቃጭ ከቀረ ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው ተዪው።

አጭሩ ካርትሪጅ 0.8 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። በ3 ሚሊ ሲሪንጅ ቀስ ብለሽ ሙዪ፣ ግጠሚ፣ ጫፉን ወደ ታች አድርገሽ 10 ደቂቃ አቁሚው። አትነቅንቂው፤ ትንፋሽ መግቢያው በቀለም ይሞላና መንጠባጠብ ይጀምራል።

ቀለም ስትቀይሪ እጠቢ። ሁለት ዓይነት ቀለም ሲገናኝ ሊረጋ ይችላል፣ የረጋው ደግሞ እዚያው ኳሷ ጋ ነው የሚቀመጠው። እዚህ ላይ የድሬን ውሃ አስቢ፦ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀረው ኖራ እስክሪብቶ ውስጥም ይቀራል። በቧንቧ ውሃ ካጠብሽ በኋላ መጨረሻውን ኖራ በሌለበት የባትሪ ውሃ አለቅልቂ። አደራ፣ የምልሽ ውሃውን ነው፣ የባትሪ አሲዱን አይደለም! ፋርማሲ የሚሸጠው የመርፌ መበጥበጫ ውሃም ይሆናል። ፍል ውሃና አልኮል አታስጠጊው፣ ፕላስቲኩን ያበላሹታል።

እስክሪብቶው ውስጥ የሰነበተ ቀለም ከወፈረ አንድ ጠብታ የባትሪ ውሃ ካርትሪጁ ውስጥ ይበቃዋል። ጠርሙሱ ውስጥ ግን ውሃ አትጨምሪ፣ ይሻግታል።

ሐረር ስትወጪ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። የደንገጎን ዳገት ስትወጪ የውጭው አየር ግፊት ይቀንስና ካርትሪጁ ውስጥ ያለው አየር ተስፋፍቶ ቀለሙን ይገፋዋል። ግማሽ የቀረው ካርትሪጅ ብዙ አየር ስላለው ይብሳል። ስለዚህ ሞልተሽው ወይም አራግፈሽው ተሳፈሪ፣ ጫፉም ወደ ላይ ይሁን።

ውልና የፊርማ ሰነድ ላይ አትጠቀሚበት፤ የሟሟ ቀለም ውሃ ሲነካው ይለቃል። ለዚያ ተራው እስክሪብቶ ይሻላል።

ደርቆ እምቢ ካለሽ 100 ሚሊ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምረሽ ጫፉን ሌሊቱን ዘፍዝፊው። ጠዋት በንጹህ ውሃ አለቅልቂና ሶፍት ላይ ጫፉን ወደ ታች አቁሚው፤ ሶፍቱ የቀረውን ይመጥጠዋል። ኳሷን በፒንሳ ለማውጣት ግን አትሞክሪ፤ መቀመጫዋ አንዴ ከላላ መልሶ አይጠብቅም።