ትንበያው ልክ፣ ውሳኔው ስህተት (ስትሮክ ላይ ለምትሰሩ ልጆቼ)

ልጆቼ፣ በየጊዜው እየደወላችሁ ዶክተር ማን እንደሚደማ የሚገምተውን ይሄን ስኮር (የነጥብ ድምር) እንዴት እናሻሽለው፣ ይሄን የኮምፒውተር ሞዴል በምን ዳታ እናሰልጥነው የምትሉኝ አላችሁ፣ ደስ ይለኛል፣ ግን ለእያንዳንዳችሁ ከማወራ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። እዚህ አሜሪካ ስትሮክ ሳክም ፀጉሬ ሸብቷል፣ እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ደም ስሩን የዘጋው የረጋ ደም ሳይሆን እሱን በቱቦ ካወጣነው በኋላ የሚመጣው የአንጎል መድማት ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደሚደማ ይግባችሁ፣ ስኮሩ በኋላ ይደርሳል። ትልቁ የአንጎል ደም ስር ተዘግቶ ሲቆይ ከሱ ወዲያ ያለው ስጋ ብቻ አይደለም የሚሞተው፣ የትንንሾቹ ደም ስሮች ግድግዳም አብሮ ይላላል። አዲስ አበባ ውሃ ሳምንት ጠፍቶ ሌሊት ድንገት በሙሉ ኃይሉ ሲመጣ የዛገው ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ እንደሚያፈሰው ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ የሞተ ቦታ ያለው ሰው፣ በጎን በኩል በሌሎች ደም ስሮች የሚደርሰው ደም ትንሽ የሆነ ሰው፣ ስኳሩ ከፍ ያለ፣ የዘገየ፣ ቱቦው አምስት ስድስት ጊዜ ተመላልሶ የገባበት፣ እነዚህ ይደማሉ ብላችሁ ብትገምቱ ብዙ አትሳሳቱም፣ ለዚህ ኮምፒውተርም አያስፈልግም።

አሁን ስኮሮቹን እንያቸው። ታግ የሚባለውን ታውቁታላችሁ፣ 2019 የወጣው፣ ሶስት ነገር ብቻ ነው የሚደምረው፣ ደም ስሩ ምን ያህል ተከፈተ፣ ሲቲው (የአንጎል ምስሉ) ላይ አስፔክትስ የሚባለው ነጥብ ስንት ነው (ከ10 ይጀመርና በተጎዳው ቦታ ልክ የሚቀነሰው)፣ ስኳሩስ 150 ወይም ከዚያ በላይ ነው ወይ። ቀላልነቱን እወደዋለሁ። ግን ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው ነገር የሚታወቀው ስራው ካለቀ በኋላ ነው! ስለዚህ ታግ የረጋውን ደም እናውጣ አናውጣ ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፣ ዛሬ ማታ የትኛው አልጋ አጠገብ ልቁም ለሚለው ግን አለው። ሞዴል የምትሰሩት ልጆች በተለይ እዚህ ጋ ነው የምትወድቁት፣ ከስራው በኋላ ያለውን የ24 ሰዓት የደም ግፊት፣ የቱቦውን ምልልስ ሁሉ ከታችሁበት ከመግባታችን በፊት እንተነብያለን ትሉኛላችሁ፣ ሐኪሙ በዛች ደቂቃ ያልያዘውን መረጃ ይዛችሁ እኮ ነው የምትተነብዩት።

እሺ፣ አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። በ2019 አካባቢ አንድ አባት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከጎንደር መጥተው ስትሮክ መታቸው፣ ግራው ነው የተዘጋው፣ አስፔክትሳቸው 4። የዛን ጊዜ ከ6 በታች ከሆነ አብዛኛው ሐኪም አይነካውም ነበር፣ ይደማሉ ተብሎ ስለሚፈራ። ልጁን ጠራሁትና በአማርኛ፣ አስተርጓሚ እንኳ ሳያስፈልገኝ፣ «አንጎላቸው ብዙ ተጎድቷል፣ ብንከፍተው ይደማል» አልኩት። «ሊደማ ይችላል» አይደለም ያልኩት፣ «ይደማል» ነው። ልጁም «እርስዎ ካሉ እንግዲህ ዶክተር» አለኝ፣ ተወነው። ሕይወታቸው ተርፏል፣ ቀኝ ጎናቸውና ንግግራቸው ግን አልተመለሰም።

2022 ላይ ጃፓኖቹ አስፔክትሳቸው ከ3 እስከ 5 የሆኑ 203 ሰዎች ላይ የሰሩትን አወጡ። የረጋው ደም በቱቦ ከወጣላቸው 58 በመቶው ምስል ላይ ደምተዋል፣ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ደግሞ 31 በመቶ ገደማ። ያልኩት ነው፣ ይደማሉ። ግን በሶስት ወራቸው ያለሰው ድጋፍ መራመድ የቻሉት የረጋው ደም ከወጣላቸው 31 በመቶ፣ ካልወጣላቸው ወደ 13 በመቶ ነው። ሲቲ ላይ የሚታየው መድማት ሁሉ ሰውየውን አይጎዳውም፣ የሚያባብሰው ጥቂቱ ነው፣ እዛም ጥናት ላይ ከወጣላቸው 9፣ ካልወጣላቸው 5 በመቶ አካባቢ ነው የነበረው። እኔ ይሄን ሁለቱን ነገር አንድ አድርጌ ነበር የፈራሁት። እንዲያውም ቀድሞ 2016 ላይ ይሄንኑ ማውጣት የፈተኑ የአምስት ጥናቶች 1287 ሰዎች ተደምረው ሲታዩ፣ ሰውን የሚጎዳው መድማት ከወጣላቸው 4.4፣ ካልወጣላቸው 4.3 በመቶ ነበር፣ እኩል በሉት። ቁጥሩን አንብቤዋለሁ፣ ግን ልቤ አልገባም ነበር መሰለኝ።

ፍርሃቱ ሌላ ቦታም አስቶናል። ደም ስሩ ከተከፈተ በኋላ ግፊቱን በደንብ ብናወርደው አይደማም ብለን አሰብን፣ ማን ይቃወማል ይሄን? ቻይና ውስጥ የላይኛውን ግፊት ከ120 በታች ያወረዱበት ጥናት 2022 ላይ ሳያልቅ ቆመ፣ የወረደላቸው ሰዎች የባሰ አካለ ጎደሎ ሆነው ስለተገኙ። ደቡብ ኮሪያም ከ140 በታች ሞክረው እንደዛው መሃል ላይ አቆሙ፣ 2023 ነው የታተመው። ለመድማቱ ብለን ገና የሚተርፈውን አንጎል ደም ነፈግነው ማለት ነው። ስለዚህ ማታ ተረኛ የሆናችሁ ነርሶች፣ ግፊቱ 150 ሆነ ብላችሁ ሐኪም ትእዛዝ ሳይሰጥ መድኃኒት አትጨምሩ፣ ይልቅ በሽተኛው ካስመለሰ፣ ራስ ምታት ካለ፣ የሚያነሳው እጅ ከከበደው ያኔ ጥሩን፣ አስራ አንድ ሰዓት ሌሊት ይሁን ግድ የለም። ከስራው ወዲያው በተነሳ ሲቲ ላይ ነጭ ስታዩም አትደናገጡ፣ ብዙ ጊዜ የተጠቀምንበት ኮንትራስት (ደም ስሩ ምስል ላይ እንዲታይ የምንሰጠው ፈሳሽ) ነው፣ በማግስቱ ሲታይ ይጠፋል፣ ደም ከሆነ አይጠፋም።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት መጡብን፣ አስፔክትሳቸው 5፣ ልጆቻቸው ኮሪደር ላይ ቆመዋል። ሊደሙ እንደሚችሉ ስነግራቸው ትልቋ «ካላወጣችሁትስ ምን ይሆናሉ ዶክተር?» አለችኝ። የጎንደሩ ሰውዬ ልጅ ይሄን አልጠየቀኝም፣ እኔም የሚጠይቅበት ቦታ አልተውኩለትም።