ለአዲስ ቤት የእንጨት ዕቃ በራስ እጅ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ሰላም ጎጃሞች! አዲስ ቤት ሠርታችሁ አልጋውንና ጠረጴዛውን ራሳችሁ ልትሠሩ ያሰባችሁ፣ ጥያቄያችሁን ጣሉ። የእንጨት ሥራ እንጀራዬ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦ አያ፣ ቤቱ አልቋል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ከምን ልጀምር?

ከአልጋ። አራት እግር፣ አራት ጎን፣ አለቀ። ቁም ሳጥኑ ይቆይ፤ በሩና መሳቢያው ጀማሪን ያማርራል። ልብስ ለጊዜው ሻንጣ ውስጥ ቢከርም ምንም አይሆንም። ፍራሹን ግን መጀመሪያ ግዛና ራስህ በሜትር ለካው፣ የተለጠፈበትን ቁጥር አትመን። ከዚያ በርዝመትም በወርድም ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ጨምር።

ከቡሬ፦ አባቴ ግቢ ዋንዛም ባሕር ዛፍም አለ። የቱ ይሻላል?

ዋንዛ እያለ ምን ትጠይቃለህ! ለመላጊያ ገር ነው፣ ሲደርቅ ብዙ አያስቸግርም፣ መልኩም ያምራል። ግን አገር በቀል ዛፍ ነውና የራስህ ግቢ ቢሆንም ሳትቆርጥ በፊት የወረዳውን ግብርና ጠይቅ። ሳትጠይቅ ጭነህ መንገድ ላይ ብትያዝ ጣጣው ብዙ ነው። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ለአልጋ እግርና ለአግዳሚ ወንበር ይሆናል። ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ለሰፊ የጠረጴዛ ገጽ አልመክርህም።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጣውላው ትናንት ከመሰንጠቂያ ቤት መጣ። ቅዳሜ ልጀምር?

ኧረ ተው! ሰው ሁሉ እጄ አይረባም እያለ ራሱን ይወቅሳል፣ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የእርጥብ እንጨት ነው። ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ ፈልግ። ከመሬት ከፍ አድርገህ ደርድረው፣ በየጣውላው መሐል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች አግባ፣ እነሱም ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይዋሉ፣ አለዚያ ጣውላው ይጎብጣል። ከላይ ድንጋይ ጫን። ጫፍና ጫፉን የተረፈ ቀለም ቀባው፤ ውኃው በዚያ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ መሰንጠቅ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። በግምት ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይባላል፤ እንደ እንጨቱና እንደ አየሩ ሊያጥርም ሊረዝምም ይችላል። መድረቁን ለማወቅ አንዱን ጣውላ መዝንና ክብደቱን እላዩ ላይ ጻፍ፣ በየሁለት ሳምንቱ ድገም። መቅለሉን ካቆመ ደርሷል። መጠበቅ ካልቻልክ የደረቀ ግዛ፣ ሌላ ዘዴ የለውም።

ከደጀን፦ ባለቤቴ የሠራው ጠረጴዛ ክረምት ላይ ገጹ ተነፍቶ ጎበጠ። ምን አጥፍቶ ነው?

በኮላና በምስማር ግጥም አድርጎ መትቶት ይሆናል፣ እህቴ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ይሰፋል፣ በበጋ መልሶ ይጠባል፤ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። መላወሻ ካጣ ወይ ይጎብጣል ወይ ይሰነጠቃል። ፈታችሁ ገጹን እግሮቹን ከሚያያይዘው ክፈፍ ጋር ከሥር በብሎን እሰሩት፤ የክፈፉ ቀዳዳ በገጹ ወርድ አቅጣጫ ሞላላ ይሁን። በበጋ የሚሠራ መሳቢያም ትንሽ ክፍተት ይተውለት፣ ሐምሌ ላይ አልከፈት ይላል።

ከዳንግላ፦ ምስጥ ጨረሰን!

ምስጥ ከመሬት በጭቃ መንገድ ነው የሚወጣ። ዕቃውን ከግድግዳ አርቁ፣ እግሩን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቁሙ፣ የጭቃ መስመር ባያችሁ ቁጥር አፍርሱት። የተቃጠለ ዘይት ቀቡ የሚሉ አሉ፤ ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ እኔ አልቀባም። ጥቃቅን ቀዳዳና ዱቄት የምታዩ ከሆነ ግን ያ ነቀዝ ነው፣ ሌላ ጉዳይ።

ከመርጦ ለማርያም፦ እናቴ የጠፍር አልጋ ካልሆነ አልተኛም አለች። ልሞክረው?

ሞክረው ወንድምዓለም፣ እሳቸው ያውቃሉ። ጠፍሩ እርጥብ ሆኖ ነው የሚወጠር፣ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። ስለዚህ ክፈፉ ወፍራም ይሁን። ማዕዘኑን በመሮ ፈልፍለህ አንዱን እንጨት በሌላው ውስጥ አስገባ። በምስማር ብቻ ካያያዝከው ጠፍሩ ሲጠብቅ ነቅሎ ይጥለዋል።