«ቀኔ ከደረሰ መርፌ አያስቀረኝም»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ሰሞኑን ጸበል ጀመረችና ኢንሱሊኑን አቋረጠች። ስለምናት «ቀኔ ከደረሰ መርፌ አያስቀረኝም፤ ካልደረሰም አልሞትም። አንቺ እምነት ስለሌለሽ ነው» ትለኛለች። እውነት እምነቴ ጎድሎ ነው? እግዚአብሔር የሞታችንን ቀን ከወሰነስ የእኛ መጨነቅ ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እምነትሽ አልጎደለም። ይህን ያስቀደምኩት ቃሉ እንዳቆሰለሽ ስለገባኝ ነው።

«ቀኑ ደርሶ ነው» ሲባል ለቅሶ ቤት እየሰማን አድገናል። እዚያ ቦታው ነው። «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» እያለ ራሱን ለሚበላ ሐዘንተኛ ማረፊያ ይሆናል። ችግሩ ቃሉ ከለቅሶ ቤት ወጥቶ የታመመ ሰው አልጋ ዳር ሲቀመጥ ነው። ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ኢዮብ የሰው ዕድሜ የተወሰነ እንደሆነ፣ የወሩም ቁጥር በእግዚአብሔር ዘንድ እንዳለ ተናግሯል (ኢዮ. 14፥5)። ልብ በይ፣ ቁጥሩ ያለው በእርሱ ዘንድ ነው። ለእኛ አልተነገረንም። ባልተነገረን ቁጥር ተማምነን መድኃኒት ብንጥል፣ መታመን ሳይሆን አምላክን መፈታተን ነው።

ንጉሥ ሕዝቅያስን አስቢው። ነቢዩ ኢሳይያስ «ትሞታለህ» ብሎት ወጣ። እርሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ጸለየ፣ አምርሮም አለቀሰ። እግዚአብሔር 15 ዓመት ጨመረለት። ከፈጣሪ አፍ የወጣ ተስፋ በእጁ አለ። ታዲያ ኢሳይያስ ምን አደረገ? የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ ቁስሉ ላይ አስደረገለት (2ኛ ነገ. 20)። ተስፋው መድኃኒቱን አላስቀረውም። ሲራክም በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር ነው ይለናል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጋጩ በይፋ የተናገሩትም ምእመናን እንዲህ እየተቸገሩ ስለነበር ነው። ኢንሱሊን ደግሞ ቀን የሚሰጥ ነገር አይደለም። ዛሬውኑ የእናትሽን ሐኪም አነጋግሪ።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። አደራ፣ ጥቅስ እየጠቀስሽ አትሟገቻቸው። እንዲህ የሚሉ እናቶችን ቀስ ብዬ ስጠይቅ፣ ከቃሉ ስር ሌላ ነገር አገኛለሁ። አንዷ በየቀኑ መወጋት ሰልችቷቸዋል። ሌላዋ የመድኃኒቱ ወጪ ልጆቻቸውን እንዳያስቸግር አስበዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ ሞትን ይፈራሉ፤ መፍራታቸውን መናገር ግን ያፍራሉ። «ቀኔ ከደረሰ» ሲሉ ያ ሁሉ ይሸፈናል። እናትሽ ከየትኛው እንደሆኑ አላውቅም። አንቺ ግን ጠይቂያቸው። አጠገባቸው ተቀምጠሽ፣ እጃቸውን ይዘሽ። ፈርተው ከሆነም አያፍሩ። ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል (ዮሐ. 11፥35)።

መጨነቅ ምን ይፈይዳል ላልሽው፣ መጨነቅና ማስታመም ይለያያሉ። ሕዝቅያስም የተጨመረለት 15 ዓመት ሲያልቅ ሞቷል። መርፌው እናትሽን ለዘላለም አያኖራቸውም፤ አንቺም የእርሳቸውን ዕድሜ በእጅሽ አልያዝሽም። ይህን ሸክም ማንም አልሰጠሽም። የአንቺ ድርሻ የዛሬው መድኃኒት፣ የዛሬው ምግብ፣ የዛሬው ጸሎት ነው። ቀኑን ለሚያውቀው ተይለት። ያ ቀን በመጣ ጊዜም እናትሽ ከእርሱ እጅ ወጥተው የትም አይወድቁም። አንቺም ብትሆኚ፣ እኔም ብሆን።

ለእናትሽ ከአንቺ ይልቅ የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ይቀላቸዋል። ዛሬ ደውዪላቸውና ቤት ድረስ ይምጡላችሁ። ጸሎት አድርሰው፣ ጸበሉን ረጭተው ሲጨርሱ፣ እናትሽ መርፌውን እዚያው እርሳቸው ባሉበት ይወጉ።