የፕሬዠርና የቴምፕሬቸር ስዊች ጥያቄና መልስ፦ ለደብረ ብርሃንና አካባቢው የጥገና ሠራተኞች

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ዲጂታል ስዊች፣ ማለትም ግፊት ወይም ሙቀት ለክቶ በስክሪን ስለሚያሳየውና በተሰጠው ቁጥር ላይ ማሽኑን ስለሚያስነሳው ወይም ስለሚያቆመው ዕቃ፣ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ማሽን ሲቆም ስዊቹን ከመንካታችሁ በፊት የመዘገበውን ከፍተኛና ዝቅተኛ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። በአንዳንዱ ኃይል ሲቋረጥ አብሮ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ነኝ። አዲስ ስዊች ቱቦ ላይ ሳልገጥመው፣ እጄ ላይ እያለ -0.28 ባር (የግፊት መለኪያ) ያሳያል። ልመልሰው?

መላሽ፦ እንዳትመልሰው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 0.72 ባር አካባቢ ነው። በባሕር ጠለል 1.01 ነው። የአንዳንዱ ስዊች ጀርባ የተደፈነ ስለሆነ፣ ውስጡ ያለው አየር በተሠራበት ዝቅተኛ ቦታ የታሸገው ነው። እዚህ ሲወጣ የውስጡ ከውጪው ይበልጥና ዜሮው ወደ ታች ይወርዳል። ቆላ ወርደህ ሸዋ ሮቢት ብትወስደው -0.14 አካባቢ ይልሃል። በ250 ባር ሃይድሮሊክ ላይ ይህ ከቁጥር አይገባም፤ በ1 ባር ስቲም (እንፋሎት) ላይ ግን ከሩብ በላይ ስህተት ነው። መስመሩን ዝጋ፣ ግፊቱን አውጣ፣ ከዚያ በሜኑው ዜሮውን አስተካክል። ሜኑው ያን ያህል ካልፈቀደልህ ጀርባው ለአየር ክፍት የሆነውን ዓይነት ግዛ። የዚያኛውን መተንፈሻ ቀዳዳ ደግሞ ቀለም አትቀቡበት፤ ከተደፈነ ሙቀት በተለወጠ ቁጥር ንባቡ ይዋዥቃል።

ስቲም ላይ የምትሠሩም ስሙኝ። የስቲም የግፊትና የሙቀት ሰንጠረዥ፣ ጌጅ ላይ በሚነበብ 0.5 ባር፣ 111 ዲግሪ የሚለው ለባሕር ጠለል ነው። እዚህ 105 ገደማ ነው። 105 አይታችሁ ሴንሰር አትቀይሩ። ግፊቱ ያው ሆኖ ሙቀቱ 98 ካለ ግን ስቲሙ ውስጥ አየር ገብቷል፤ የአየር ማስወጫውን ፈትሹ። ግፊትና ሙቀትን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ግማሹን ብልሽት ቁልፍ ሳያነሳ ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ ስዊቹ ቶሎ ቶሎ ይበላሽብናል። ምን እናድርግ?

መላሽ፦ የቱ ስዊች? ምን መስመር ላይ? እስከ ስንት ባር ይለካል? ማክስና ሚኒ (የመዘገበው ከፍተኛና ዝቅተኛ) ስንት ይላል? እነዚህን ይዘህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ኮምፕረሰራችን በየደቂቃው ይነሳል፣ ይጠፋል።

መላሽ፦ መነሻና ማቆሚያው መካከል ስንት አለ? 0.2 ከሆነ አስፋው፤ በ6 ተነስቶ በ7 ይቁም። ካልተሻለ ሥራ ሲቆም የአየር ታንኩን መውጫ ቫልቭ ዝጉና ስክሪኑን ተመልከቱ። ግፊቱ እዚያው ከቆመ የሚያፈስሰው ከቫልቩ ወዲያ፣ ፋብሪካው ውስጥ ነው። ከወረደ ቼክ ቫልቩን (አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን) ወይም የውሃ ማውጫውን እዩ።

ሌላ አባል፦ ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ መካኒካሉ፣ በስፕሪንግ የሚሠራው ስዊች፣ ይሻላል ባይ ነኝ። ኃይል አይፈልግም፣ በካቻቪቴ ይስተካከላል።

ሦስተኛ አባል፦ ስፕሪንጉ ሲደክም ማን ይነግርሃል? ቁጥር የለው፣ መዝገብ የለው።

ሌላ አባል፦ ኤሌክትሮኒኩስ መብራት ሲዋዥቅ ይቃጠል የለ?

መላሽ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ለቦይለር የመጨረሻ መቁረጫ፣ ግፊት ሲያልፍ እሳቱን ለሚያጠፋው፣ መካኒካሉ ለብቻው ይኑር፤ ብልሽት ለመፈለግ ዲጂታሉ ይሻላል። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ ምርት እንዳይቆም የቦይለሩን ስዊች ለጊዜው ጃምፐር ብናደርገው፣ ማለትም በሽቦ አገናኝተን ብናልፈውስ?

መላሽ፦ አይደረግም። ለአንድ ሰዓትም ቢሆን አይደረግም።

ጥያቄ፦ የስዊቹ መብራት ይበራል፣ ፒኤልሲው (ማሽኑን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) ግን አያየውም።

መላሽ፦ በጥቁሩና በሰማያዊው ገመድ መካከል ለካ። 24 ቮልት ካለ ስዊቹ ደህና ነው፤ የፒኤልሲ ካርዱ ለኤንፒኤን፣ ማለትም በፕላስ ሳይሆን በማይነስ በኩል ምልክት ለሚሰጥ ስዊች፣ የተሠራ ይሆናል። የቀረውን ማኑዋሉ ላይ ታገኛለህ።

ጥያቄ፦ ኅዳር ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ የውሃ መስመሩ ንባብ ቀጥ ይላል። ፓምፕ ቢቆምም 3.4 ነው።

መላሽ፦ ውርጭ ነው እህቴ። ወደ ስዊቹ የሚወስደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ውሃው በረዶ ሆኗል። መዝገቡን አጥፍተሽ ጠብቂ፤ ማክስና ሚኒው እኩል ከሆኑ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግሽም። ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ ጠቅልይበት፤ እሳት አታስጠጊ። ከዚያ ቱቦውን አሳጥሩና አልብሱት። በረዶው ሲለጠጥ የስዊቹን ዲያፍራም (ግፊቱን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን) ሊቀድ ስለሚችል፣ ሲቀልጥ ዜሮውን አረጋግጪ።

ጥያቄ፦ የእኔም አዲስ ስዊች ማይነስ ያሳያል፣ ተበላሽቶ ይሆን?

መላሽ፦ ከላይ በሰፊው ተመልሷል። እባካችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቅድም ቶሎ ቶሎ ይበላሻል ያልኩት ነኝ። የውሃ ፓምፕ መውጫ ነው፣ ሥራው 4 ባር፣ ስዊቹ የ10 ባር። ሚኒ 0.1፣ ማክስ ደግሞ ኦኤል ይላል።

መላሽ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ኦኤል ማለት ግፊቱ ከ10 አልፏል ማለት ነው። በ4 ባር መስመር ላይ ይህ የሚሆነው አንድ ቫልቭ በድንገት ሲዘጋ ወይም ፓምፑ ቆሞ ውሃው ሲመለስ ነው፤ ቱቦው ጓ! ሲል ትሰማዋለህ። ስዊቹን የሚገድለው ይህ ምት ነው። ቫልቩ በዝግታ እንዲዘጋ አድርጉ፣ ቼክ ቫልቩን ፈትሹ፣ ከስዊቹ በፊት ስናበር (የግፊት ምት የሚያለዝበውን ዕቃ) ግጠሙ። ግፊቱን ሳታወጣ እንዳትፈታው። ከዚያ መዝገቡን አጥፍተህ አንድ ፈረቃ አሠራውና ማክሱን ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ እሺ ጋሼ፣ ከማታው ፈረቃ በኋላ እጽፋለሁ።