የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የዐድዋ መጻሕፍት ለምን አይስማሙም?

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰባስበን የጦርነት ታሪክ መጻሕፍትን እያነበብን የምንወያይ ስድስት ጓደኛሞች ነን። ዘንድሮ ዐድዋን ብንጀምር ውይይቱ ወደ ንትርክ ተለወጠብን። አንዱ መጽሐፍ የወደቀውን የጠላት ጦር 4,000 ሲል ሌላው 6,000 ይላል፤ ቀኑን እንኳ አንዱ ማርች 1፣ ሌላው ማርች 2 ያደርገዋል። የትኛውን እንመን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከቀላሉ ልጀምር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። እነርሱ በ1900 ፌብሩዋሪን በ28 ቀን ስለ ዘጉ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ፤ በዓሉ ዛሬ ማርች 2 ላይ የሚውለውም በዚህ ምክንያት ነው። ማርች 2 ያለው ጸሐፊ የድሮውን ቀን በዛሬው ስሌት መልሶታል ማለት ነው።

የሙታኑ ቁጥር የሚለያየው ደግሞ የተቆጠረው ሰው ስለሚለያይ ነው። የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ካሰለፈው 17,700 ያህል ሠራዊት ውስጥ ወደ 7,000 የሚጠጉት አስካሪዎች፣ በአብዛኛው ከኤርትራ የተመለመሉ ወታደሮች ነበሩ። 4,000 የሚለው መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ ጣሊያኖቹን ብቻ ይቆጥራል፤ 6,000 የሚለው አስካሪዎቹንም ይጨምራል። በእኛ ወገን የወደቁትን በተመለከተ የሚጠቀሰው ሁሉ ግምት ስለ ሆነ፣ አንድን ቁጥር እንደ እርግጠኛ ነገር የሚያቀርብ ደራሲ ሲገጥማችሁ ተጠራጠሩት።

እኔ ብሆን ግን ቅዳሜዬን በቁጥር አልጨርሰውም። ካርታ ዘርጉና በአራቱ የጣሊያን ብርጌዶች ፈንታ አራት ባቄላ አስቀምጡበት። በባራቲየሪ ንድፍ ካርታ ላይ «እንዳ ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ የተጻፈበት ኮረብታ በአገሬው ዘንድ ስሙ ሌላ ነበር። ከብርጌዶቹ አንዱን የሚመራው አልቤርቶኔ ሌሊቱን ተጉዞ እዚያ ከደረሰ በኋላ መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ገና ወደ ፊት መሆኑን ሲነግሩት ስሙን ተከትሎ ብዙ ኪሎ ሜትር አለፈ፤ ሊደግፈው የታዘዘው የሌላው ብርጌድ አዛዥ ዳቦርሚዳም በስተቀኝ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ስለ ገባ፣ ሁለቱ ባቄላዎች ምን ያህል እንደሚራራቁ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ባራቲየሪ አስመራ ላይ በጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ በነጻ ከተለቀቀ በኋላ በጻፈው ማስታወሻ አልቤርቶኔን ይወቅሳል፤ ይህን የተከሳሽ ቃል እንደምትሰሙ አድርጋችሁ አንብቡት። ካርታው አልቤርቶኔ ለምን ብቻውን እንደ ተጋለጠ ያስረዳል እንጂ፣ በመስከረም የክተት አዋጅ ተጠርቶ ወራት የተጓዘው ሠራዊት ስንቁ እየመነመነ እንኳ ሳይበተን እንዴት እንደ ጠበቀው አያስረዳም፤ ሽንፈቱን ሁሉ በካርታ ስሕተት የሚያመካኝ መጽሐፍም ግማሹን ታሪክ ትቶታል። አራተኛው ባቄላ፣ ተጠባባቂው የኤሌና ብርጌድ፣ ማንን ሊደርስለት ይችል እንደ ነበር ስትከራከሩ ግን ቡናው እንደሚቀዘቅዝባችሁ ከወዲሁ አውቃለሁ።