ከ«ኦሮማይ» በኋላ «አደፍርስ» ላይ ለቆማችሁ

እህቴ፣ «ጅማ ያለን ሦስት ጓደኛሞች ነን፣ ‹ኦሮማይ›ን በሁለት ሌሊት ጨርሰን ‹አደፍርስ› ላይ ግን ገጽ 40 ሳንደርስ ቆምን፤ እንተወው ወይስ እንቀጥል?» ላልሽው፦ የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» አትተዉት፣ ግን ለጊዜው አስቀምጡት። ቅደም ተከተሉ ነው ያስቸገራችሁ።

1. መጀመሪያ «ከአድማስ ባሻገር»ን አንብቡ። ደራሲው ያው የ«ኦሮማይ»ው በዓሉ ግርማ ነው፣ በ1962 ዓ.ም. የወጣ። «ኦሮማይ» ላይ አስመራም፣ የቀይ ኮከብ ዘመቻም፣ ፊያሜታም አሉ፤ አንባቢውን ጎትተው ይወስዱታል። «ከአድማስ ባሻገር» ላይ ግን የምታገኙት የቢሮ ሥራውና የጥበብ ፍላጎቱ ወዲያና ወዲህ የሚጎትቱትን አበራ ወርቁን ነው። አጭር ነው፣ ንግግሩም አይከብድም። ሰው ከራሱ ጋር ሲሟገት መከታተል ከለመዳችሁ «አደፍርስ» ግማሹ ቀለለላችሁ ማለት ነው። በነገራችን ላይ «ኦሮማይ»ን የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርጋችሁ ካነበባችሁት ተመለሱበት። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ የፕሮፓጋንዳ ሰው ነው። የመንግሥትን ቋንቋ የሚናገረው የት ላይ ነው? የራሱን ድምፅ የሚያወጣውስ የት ነው? እርሳስ ይዛችሁ አስምሩበት። መጽሐፉ የተጻፈው ለዚህ ነው፤ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ከገበያ የተሰበሰበውም ከዚህ የተነሳ ነው ብዬ አምናለሁ።

2. ቀጥሎ «ፍቅር እስከ መቃብር»። ትምህርት ቤት ቅንጫቢውን አንብበናል ብላችሁ አትለፉት። ብዙ ሰው የሚያቆመው መጀመሪያው ላይ ነው። ሰብለ ወንጌልን ሲጠብቅ የበዛብህ ወላጆች፣ የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ታሪክ ይመጣበትና ይሰለቻል። እንዳትዘሉት! በዛብህ ኋላ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ሥሩ ያለው እዚያ ነው። አዲስ አበባ ስትወጡ መንገዱ ረጅም ስለሆነ የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ በስልካችሁ ጭናችሁ ስሙ፤ ቤት ስትገቡ ያንኑ ክፍል ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። የጉዱ ካሳ ንግግር በዓይን ብቻ ሲነበብ ስብከት ይመስላል፤ በጆሮ ሲሰማ ግን ቁጣውም ሐዘኑም ይወጣል።

3. አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። የያዛችሁት «አደፍርስ» የትኛው ቅጂ ነው? ከመንገድ ላይ የተገዛ ከሆነ ያቆማችሁ ደራሲው ዳኛቸው ወርቁ ላይሆን ይችላል። ከታተመ መጽሐፍ ላይ ተገልብጦ የሚሸጠው ቅጂ ፊደሉ ይወፍራል። የ«ቤ» እና የ«ሴ» ቀለበት በቀለም ይደፈንና «ቢ» እና «ሲ» ይመስላል፤ ፤ ከ። አይለይም። «አደፍርስ»ን በመሰለ ንግግር የበዛበት መጽሐፍ ላይ ይህ ሲደርስ ማን ተናግሮ ማን እንደመለሰ ይጠፋል። አንባቢውም «እኔ ነኝ የማይገባኝ» ብሎ ይተወዋል።

ስለዚህ ሳትከፍሉ መጽሐፉ የታሸገበትን ላስቲክ አስከፍቱ። መሐል ላይ አንድ ገጽ ገልጣችሁ በፀሐይ ብርሃን እነዚህን ቀለበቶች ፈልጉ። ቀጥሎ የገጽ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው በፍጥነት ግለጡ። መጽሐፍ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ስለሚታጠፍ ጉድለት ሲኖር የሚጎድለው አንድ ገጽ ብቻ አይሆንም፤ ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 32 ገጽ አንድ ላይ ይዘላል። ከዚህ የሚብሰው አንዱ እጥፋት ሁለት ጊዜ ተጠርዞ ሌላው ሲቀር ነው። ውፍረቱ ስለማይቀንስ በእጅ መዝናችሁ አታውቁትም፤ ቁጥሩን ማየት ግድ ነው። «ላስቲኩን አልከፍትም፣ ያው ነው» የሚል ሻጭ ጅማ ውስጥም አይጠፋም፤ እዚያው ጅማ መርካቶ ብትሄዱ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ብትሄዱ ያጋጥማችኋል። አንባቢን እንደ ሌባ እያየ የጎደለ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው ብራችሁ አይገባውም፤ ትታችሁት ሂዱ። ከዚያ ገንዘብ ለደራሲውም ሆነ ለቤተሰቡ የሚደርስ ሳንቲም የለም። አዲስ አበባ ላለ ሰው የምታዙ ከሆነ ደግሞ ማተሚያ ቤቱና የኅትመት ዓመቱ ያለበትን ገጽ፣ ከመሐል አንድ ገጽ፣ የመጨረሻውንም ገጽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ፤ ብር የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በጅማ ክረምት መጽሐፍ ግድግዳ አስጠግታችሁ ወይም ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡ፣ ይሻግታል። ከረጠበም ገጹን በትነሽ ጥላ ውስጥ አቁሚው። ፀሐይ ወይም ከሰል አጠገብ ከደረቀ የጀርባው ሙጫ ይለቅና ገጹ ይረግፋል።

የአዳም ረታን «ግራጫ ቃጭሎች» የመከሯችሁ ሰዎች አልተሳሳቱም፤ ጥሩ መጽሐፍ ነው። ግን ከ«አደፍርስ» በኋላ ይሁን። ታሪኩ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ትዝታ ትዝታን እየጠራ ነው የሚሄደው፤ ጥድፊያ አይወድም።

«አደፍርስ»ን ስትመለሱበት ካቆማችሁበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀምሩ። ሦስት መሆናችሁ ጠቅሟችኋል፦ አንዳችሁ ትረካውን፣ ሁለታችሁ ንግግሮቹን ተከፋፍላችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። በአንድ ቁጭታ ከ20 ገጽ አትለፉ። ያልገባችሁን ቃል ጠርዙ ላይ ምልክት አድርጋችሁ እለፉት እንጂ ንባቡን አቋርጣችሁ መዝገበ ቃላት አትክፈቱ፤ አብዛኛው ሁለት ሦስት ገጽ ዝቅ ስትሉ ከንግግሩ ይገባችኋል። ያልገባችሁን ቃልና ገጹን እዚህ ለጥፊልኝ፣ እመልስልሻለሁ።